የማድ ቤት ዕቃን ያከበረ ሠዓሊ፤ የዣን ሲሜዮን ሻርዴን የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ ዕቃን በማዕርግ ያያል። ወርቅን ከመዳብ፥ ሐርን ከአቡጀዴ፥ የግብር አዳራሽን ከማድ ቤት ያስበልጣል። ይህ ልማድ በገበያም በመሥሪያ ቤትም ያለ ነው። ነጋዴ የሸቀጡን ዋጋ ሲተምን፥ ሹምም የሥራን ደረጃ ሲለይ፥ ሁለቱም ሳያስቡት ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ ይኸውም የአንድ ነገር ክብር የሚመጣው ከነገሩ ከራሱ ነው ወይስ ነገሩን ከያዘው ሰው ትጋት ነው የሚል ጥያቄ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በፈረንሳይ አገር የኖረ አንድ ሠዓሊ ለዚህ ጥያቄ በእጁ ሥራ መልስ ሰጥቶበታል። ስሙም ዣን ሲሜዮን ሻርዴን ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የሣለው ድስትና ጋን፥ ሽንኩርትና ዳቦ፥ ብርጭቆና ቢላዋ፥ ሥራዋን የምትሠራ ገረድ፥ ልጆቿንም የምታበላ እናት ነው። በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ ሠዓልያን ግን የነገሥታትን ድልና የጥንት ጀግኖችን ገድል ይሥሉ ነበር። ዛሬ ከነዚያ ሠዓልያን የብዙዎቹ ስም ተረስቶ የሻርዴን ስም በዓለም ሁሉ ይጠራል። ይሁን እንጂ በሕይወቱ ሳለ ስለ ምርጫው የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ሻርዴን የተወለደው በኖቬምበር 2 ቀን 1699 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፥ ሴን በሚባለው መንገድ ነው። አባቱ በእንጨት ሥራ የታወቀ ባለሙያ ሲሆን በተለይ የሚሠራው የቢሊያርዶ ጠረጴዛ ነበር፤ ለንጉሡም ቤት ሳይቀር ሠርቶ አቅርቧል። የቢሊያርዶን ጨዋታ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፥ ይህ ዕቃ ስሕተትን የሚሸሽግ አይደለም። እንጨቱ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ ኳሱ ራሱ እየተንከባለለ ይመሰክራል። ሕፃኑ ሻርዴን ያደገው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ዕለት ዕለት በሚታይበት ቤት ነው። አባቱ ልጆቹ እንጀራ የሚበሉበትን ሙያ ቶሎ እንዲይዙ ይፈልግ ስለ ነበር፥ የላቲን ቋንቋና የጥንት ታሪክ እየተማሩ ብዙ ዘመን እንዲቈዩ አላሰበም። ሻርዴን ይህ ትምህርት ስለ ቀረበት በኋላ ዘመን ይቈጭ እንደ ነበር ወዳጁና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ የሆነው ኮሼን ይመሰክራል። አንባቢ ይህን ቍጭት በልቡ ይያዘው፤ በልጁ ላይ የደረሰውን ስንናገር ተመልሰን እናገኘዋለን።

ሥዕል ለመማር ፒዬር ዣክ ካዝ ከሚባል ሠዓሊ ዘንድ ገባ። በዚያ ቤት የነበረው ትምህርት የመምህሩን ሥዕል እያዩ መገልበጥ ነበር፤ እውነተኛውን ነገር ከፊት አድርጎ እርሱኑ እያዩ መሣል የተለመደ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኖኤል ኒኮላ ኩዋፔል የተባለው ሠዓሊ ለረዳትነት ጠራውና፥ የአንድ አዳኝ መልክ በተሣለበት ሸራ ላይ ጠመንጃውን እንዲሥል አዘዘው። ወጣቱ ሻርዴን ጠመንጃን ያህል ነገር ከአእምሮው አውጥቶ በጥቂት ጊዜ የሚጨርሰው መስሎት ነበር። ኩዋፔል ግን ጠመንጃውን አስመጥቶ፥ ብርሃን የሚመታበትን ወገን እያየ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ እያዞረ በብዙ ጥንቃቄ ባስቀመጠው ጊዜ፥ ተማሪው እጅግ ተደነቀ። አንድ ብረትና አንድ እንጨት ይህን ያህል መታየት የሚገባቸው መሆናቸውን ያን ቀን ተረዳ ይባላል።

ብዙም ሳይቈይ የታደነ ጥንቸል በእጁ ገባና ሊሥለው ወደደ። ነገር ግን ሊጀምር ሲል አንድ ችግር ገጠመው። ከዚህ በፊት ሌሎች ሠዓልያን ጥንቸልን እንዴት እንደ ሣሉ ያውቅ ነበርና፥ እጁ የነርሱን መንገድ ሊከተል ቃጣው። ስለዚህ ቀድሞ ያየውን ሥዕል ሁሉ፥ ሌሎች የሠሩበትንም ዘዴ ሁሉ ለመርሳት ቈረጠ። ጠጕሩን አንድ በአንድ መቍጠሩን ትቶ፥ ከራቅ ብሎ ቆሞ የጥንቸሉን አጠቃላይ ቅርጽ፥ ብርሃኑንና ጥላውን፥ የቀለሙንም መዋሐድ ብቻ ለመያዝ ደከመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሠራበት ሕግ ይኸው ነበር።

ስሙ በከተማ ሕዝብ ዘንድ መሰማት የጀመረው ደግሞ በአንድ የሱቅ ምልክት ነው። የአባቱ ወዳጅ የነበረ፥ ቍስል የሚያክም አንድ ባለሙያ በደጁ ላይ የሚሰቀል ሥዕል እንዲሠራለት ለመነው። ሰውዬው የጠበቀው እንደ ልማዱ የመሣሪያዎቹን መልክ፥ መቍረጫውንና መብሻውን ነበር። ሻርዴን ግን ርዝመቱ ከ4 ሜትር በሚበልጥ ሰሌዳ ላይ፥ በሰይፍ ተዋግቶ የቈሰለ ሰው ወደ ሐኪሙ ደጅ ሲወሰድ፥ ሕዝቡም በዙሪያው ተሰብስቦ ሲንጫጫ አድርጎ ሣለው። ምልክቱ በተሰቀለ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ይመለከተው ጀመር። ባለ ሱቁ በመጀመሪያ ሳያዝዘው በመሠራቱ ቅር ቢለውም፥ ሕዝቡ ሲያደንቅ ባየ ጊዜ ቍጣው ጠፋ። የሱቅ ምልክት ሰውን ለማቆም እንደ ሆነ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ የዚህን ሥራ ጥቅም ሳይነገረው ይገነዘበዋል።

በዚያን ዘመን በፓሪስ ዶፊን በሚባለው አደባባይ፥ በየዓመቱ በአንድ የቤተ ክርስቲያን በዓል ቀን፥ ወጣት ሠዓልያን ሥራቸውን ለጥቂት ሰዓት በግድግዳ ላይ እየሰቀሉ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ሻርዴን በ1728 ዓ.ም. ብዙ ሥዕሎች ይዞ በዚያ ቀረበ። ከነዚያም አንዱ ዛሬ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው የዓሣው ሥዕል ነው። በዚህ ሥዕል ላይ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የባሕር ዓሣ ሆዱ ተሰንጥቆ በሜንጦ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ በስተግራው አንዲት ድመት ጠጕሯን አቁማ በተከፈቱ የባሕር ዛጎሎች ላይ ቆማለች፤ በስተቀኙም ማሰሮ፥ መጥበሻና ቢላዋ ተቀምጠዋል። የቢላዋው እጀታ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ ስለ ተሣለ ተመልካች እጁን ዘርግቶ ሊያነሣው ይቃጣዋል። በዓሣ ገበያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር በየቀኑ ያየዋል፤ አፍንጫውንም ይዞ ያልፈዋል። ሻርዴን ግን በዚያ በተሰነጠቀ ሆድ ውስጥ ያለውን ቀዩንና ነጩን ቀለም፥ እርጥበቱንና ብልጭታውን አይቶ፥ ሌሎች ለንጉሥ ካባ የሚሰጡትን ያህል ትጋት ሰጠው።

ሥዕሉን ያዩ ሰዎች ለንጉሡ የሥዕልና የቅርጽ አካዴሚ እንዲቀርብ መከሩት። ይህ አካዴሚ በ1648 ዓ.ም. የተቋቋመና በፈረንሳይ ኪነ ጥበብ ላይ ሙሉ ሥልጣን የነበረው ጉባኤ ነው። እንደሚነገረው ከሆነ፥ ሻርዴን ሥዕሎቹን የማን እንደ ሆኑ ሳይናገር በመጀመሪያው ክፍል አስቀምጦ እርሱ በሚቀጥለው ክፍል ጠበቀ። ላርዢሊዬር የተባለው የከበረ ሽማግሌ ሠዓሊ ሲያልፍ አይቷቸው የታወቁ የፍላንደር ሠዓልያን ሥራ መሰሉትና እጅግ አመሰገናቸው። የወጣቱ ሥራ መሆናቸውን በሰማ ጊዜ ይበልጡን ተደነቀ። በሴፕቴምበር 25 ቀን 1728 ዓ.ም. ሻርዴን ሌላ ጊዜ በሁለት ደረጃና በብዙ ወራት የሚፈጸመውን ሥርዓት በአንድ ቀን ፈጽሞ የአካዴሚው አባል ሆነ።

ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የተጻፈለት ማዕርግ የእንስሳትና የፍራፍሬ ሠዓሊ የሚል ነበር። የዚህን ትርጓሜ ለመረዳት የአካዴሚውን የማዕርግ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ፌሊቢያን የተባለው ጸሐፊ በ1667 ዓ.ም. በግልጽ እንደ ደነገገው፥ ከሁሉ በላይ የቅዱሳት መጻሕፍትን፥ የጥንት ታሪክንና የአማልክትን ተረት የሚሥሉ ነበሩ፤ ከነርሱ በታች የሰውን መልክ የሚሥሉ፥ ከዚያም በታች እንስሳትንና የአገርን መልክ የሚሥሉ ሲሆኑ፥ ከሁሉ መጨረሻ ግዑዝ ነገርን የሚሥሉ ይቈጠሩ ነበር። ይህ የስም ብቻ አልነበረም። በአካዴሚው ውስጥ መምህር ለመሆን የሚችሉት የታሪክ ሠዓልያን ብቻ ነበሩ፤ ትልቁም ሥራና ትልቁ ገንዘብ ወደ እነርሱ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ሻርዴን በ28 ዓመቱ የገባበት በር የክብር በር ቢሆንም፥ ከበሩ ውስጥ የተሰጠው ወንበር የመጨረሻው ወንበር ነበር፤ ከዚያም ወንበር በሥራው ብቻ ሊነሣ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

የአሠራሩም ጠባይ ሀብት የሚያመጣ አልነበረም። ሻርዴን እጅግ ዝግተኛ ሠራተኛ ነበረ። በወረቀት ላይ አስቀድሞ የመንደፍ ልማድ ስላልነበረው፥ ዕቃዎቹን ከፊቱ ደርድሮ በቀጥታ በሸራው ላይ ይሠራ ነበር። ቀለሙን በቀለም ላይ እየደራረበ፥ ያንዱ ዕቃ ቀለም በሌላው ላይ የሚጥለውን ነጸብራቅ እየተከታተለ፥ አንድ ሥዕል ወራት ይፈጅበት ነበር። ሥራውን ቀርቦ ለሚያይ ሰው ሁሉም ሻካራ የቀለም ጕብታ መስሎ ይታያል፤ ጥቂት ራቅ ሲል ግን መዳቡ መዳብ፥ ብርጭቆውም ብርጭቆ ይሆናል። በ80 ዓመት ዕድሜው ዛሬ የሚታወቁለት ሥዕሎች ሁለት መቶ ያህል ብቻ መሆናቸው የዚሁ ውጤት ነው።

ሻርዴን ማርግሪት ሴንታር የተባለችውን ልጃገረድ ለማግባት በ1723 ዓ.ም. ውል አድርጎ ነበር። ጋብቻው እስኪፈጸም ግን ስምንት ዓመት አለፈ፤ በዚያም መካከል የልጅቱ ቤተ ሰብ ሀብት ጠፋ። እርሱ ቃሉን ሳያጥፍ በ1731 ዓ.ም. አገባት። በዚያው ዓመት ዣን ፒዬር የተባለ ወንድ ልጅ፥ ከሁለት ዓመትም በኋላ ሴት ልጅ ወለደችለት። ጤንነቷ ግን ደካማ ስለ ነበረ በ1735 ዓ.ም. ሞተች፤ ሴቲቱ ልጅም በሕፃንነቷ ተከተለቻት። በ1737 ዓ.ም. ስለ ውርስ ጕዳይ የቤቱ ዕቃ ተቈጥሮ በመዝገብ ገባ። በዚያ መዝገብ ከሰፈሩት ዕቃዎች መካከል ከቀይ መዳብ የተሠራ የውሃ ጋን ይገኛል። ይህን የመሰለ ጋን ሻርዴን በ1734 ዓ.ም. ገደማ ከባልዲና ከመቅጃ ጋር ሥሎታል፤ ሥዕሉም ዛሬ በሉቭር አለ። የመዝገብ ሹሙ ጋኑን እንደ ማንኛውም ዕቃ ቈጥሮ ዋጋውን ጽፎ አለፈ። ሁለቱ ሰዎች ያዩት አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሆን፥ አንዱ በመስመር፥ ሌላውም በሸራ መዝግቦታል።

በ1730ዎቹ ዓመታት ሻርዴን ከዕቃ አልፎ ሰውን ወደ መሣል ተሻገረ። ለዚህም ምክንያት የሆነው የወዳጁ የአቬድ ንግግር ነው ይባላል። አቬድ የሰውን መልክ የሚሥል ሠዓሊ ሲሆን፥ አንዲት ሴት ስለ መልኳ ሥዕል 400 ሊቭር ልትከፍለው ብትል አነሰኝ ብሎ መለሳት። ሻርዴን ይህን ያህል ገንዘብ መመለሱ ስለ ገረመው ወዳጁን ቢወቅሰው፥ አቬድ የሰው መልክ እንደ ቋሊማ የሚሣል መሆኑን ይጠይቀው ዘንድ ቀለደበት። ቀልዱ ሻርዴንን ነካው። ከዚያ በኋላ የሣላቸው ሰዎች ግን እንደ ሌሎቹ ሠዓልያን ሰዎች በወርቅ ልብስ አጊጠው የሚታዩ አይደሉም። ከገበያ ዳቦ ተሸክማ የተመለሰች ገረድ፥ ድስት የምታጥብ ሴት፥ በካርታ ቤት የሚሠራ ልጅ፥ የሳሙና አረፋ የሚነፋ ወጣት፥ በጠረጴዛ ላይ እንዝርት አሽከርክሮ ትምህርቱን የረሳ ተማሪ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ተመልካች እንዳለ የማያውቁ፥ በያዙት ነገር ላይ ልባቸውን የጣሉ ናቸው። ሠዓሊው ድስትን ያየበትን ዓይን ወደ ሰው ቢያዞርም ዓይኑ አልተለወጠም።

ከነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ የታወቀው የማዕድ ጸሎት የሚያሳየው ነው። እናት ሾርባ ልታወጣ ቆማለች፤ ሁለት ትናንሽ ልጆች በጠረጴዛው አጠገብ ናቸው፤ ታናሺቱ እጆቿን አጋጥማ ጸሎቷን ስትደግም እናቲቱ ጎንበስ ብላ ትጠብቃታለች። በ1740 ዓ.ም. ሻርዴን ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ከንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት ቀረበ፤ ይህንኑ ሥዕልና አንዲት ትጉህ እናት ከልጇ ጋር የምትታይበትን ሌላ ሥዕል ለንጉሡ አበረከተ፤ ንጉሡም ተቀበሉት። የስዊድንና የፕሩሲያ ነገሥታት ቤቶችም ሥራውን መግዛት ጀመሩ። ሥዕሎቹ በመዳብ ላይ እየተቀረጹ በወረቀት ታትመው በርካሽ ዋጋ ስለ ተሸጡ፥ ዋናውን ለመግዛት ዐቅም ያልነበረው የከተማ ነዋሪ ሁሉ ቅጂውን በቤቱ ግድግዳ ሰቀለው። እንዲህም ባለ ሱቁና ጸሐፊው የራሳቸውን ቤት፥ የራሳቸውን ማዕድ በክብር ተሥሎ አዩት።

በ1744 ዓ.ም. ፍራንሷዝ ማርግሪት ፑዤ የተባለች ባለ ሀብት መበለት አገባና ኑሮው ተደላደለ። በ1752 ዓ.ም. ንጉሡ በዓመት 500 ሊቭር የሚከፈል አበል ወሰኑለት። በ1755 ዓ.ም. ደግሞ የአካዴሚው ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ከርሱ በፊት ገንዘቡን ይዞ የነበረው ሰው ሲሞት ሒሳቡ የተዘበራረቀና ጕድለት ያለበት ሆኖ ተገኝቶ ነበርና፥ አባሎቹ የሚያምኑትን ሰው ፈለጉ። ሻርዴን በሚስቱ ረዳትነት መዝገቡን አስተካክሎ እስከ 1774 ዓ.ም. ለ19 ዓመታት ያህል የጉባኤውን ገንዘብ በታማኝነት ጠበቀ። በሉቭር በሚደረገው ትርኢት ላይ የአባሎቹን ሥዕሎች የመስቀልም ሥራ ተሰጠው። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሠዓሊ ሥዕሉ በዓይን ልክ፥ ብርሃን በሚገኝበት ቦታ እንዲሰቀልለት ይፈልጋል፤ ግድግዳው ግን ለሁሉ አይበቃም። ሻርዴን ግን በፍርዱ ሚዛናዊነትና በትዕግሥቱ ሁሉን ለማስማማት የሚችለውን ያህል ይደክም ነበር። በ1757 ዓ.ም. በሉቭር ውስጥ መኖሪያ ተሰጠው።

በዚህ ሁሉ ክብር መካከል ግን አንድ ምኞት በልቡ ይኖር ነበር። እርሱ ያላገኘውን የላይኛውን ወንበር ልጁ እንዲያገኘው ፈለገ። ስለዚህ ዣን ፒዬር ለእርሱ የቀረበትን ትምህርት ሁሉ እንዲማር አድርጎ ለታሪክ ሠዓሊነት አዘጋጀው። ወጣቱ በ1754 ዓ.ም. የአካዴሚውን ታላቅ ሽልማት አገኘ፤ በ1757 ዓ.ም. በንጉሡ ገንዘብ ወደ ሮማ ተላከ። የአባትየው ምኞት የተፈጸመ መሰለ። በሮማ ግን የወጣቱ ሥራ እንደ ተጠበቀው አልሆነም፤ የጀመረውን መጨረስ እያቃተው ብዙ ጊዜ አለፈ። በ1762 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ በጀኖቫ ባሕር አጠገብ በእንግሊዝ የባሕር ዘራፊዎች እጅ ወደቀ። በመጨረሻም የፈረንሳይን አምባሳደር ተከትሎ ወደ ቬኔሲያ ሄደና፥ በዚያች ከተማ በውሃ ሰጥሞ ሞተ። በድንገት ይሁን በገዛ ፈቃዱ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታም።

በ1765 ዓ.ም. በነበረው ትርኢት፥ ሻርዴን ጸሐፊውን ዲዴሮን ሥራ ሲነቅፍ ርኅራኄ እንዲኖረው ለምኖት እንደ ነበር ዲዴሮ ራሱ ጽፎታል። አንድ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እርሳስ ይዞ ሌሊትና ቀን እንደሚደክም፥ ብዙዎቹም ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ያለ ሥራና ያለ ተስፋ እንደሚቀሩ፥ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው መጥፎ ሥዕል እንኳ የብዙ እንባ ዋጋ መሆኑን አስረድቶታል። ይህን በተናገረ ጊዜ ልጁ ገና በሕይወት ነበረ። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ንግግር ከባዕድ ኀዘን ብቻ የሚወጣ አይመስልም። የዕቃን ማዕርግ በእጁ የሻረው ሰው፥ የሰውን ማዕርግ ለልጁ ሲመኝ ግን እንደ ማንኛውም አባት ሆነ፤ ይህም የሕይወቱ ጥልቅ ኀዘን ነው።

በ1750ዎቹና በ1760ዎቹ ዓመታት ሻርዴን ወደ ግዑዝ ነገሮች ተመለሰ። የዚህ ዘመን ሥዕሎቹ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ የዕቃዎቹም ቍጥር ያንሳል። በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው ሥዕሉ ላይ ያለው አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ አንድ ከሸክላ የተሠራ የቡና ማፍያና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ዕቃ በየቀኑ ይነሣል፥ ይታጠባል፥ ይቀመጣል፤ ማንም ቆም ብሎ አያየውም። ሻርዴን ግን የሸክላው ጥቍረት የብርጭቆውን ጥራት እንዴት እንደሚያጎላው፥ የሽንኩርቱም ንጣት ከሁለቱ መካከል እንዴት እንደሚያበራ አየ። በ1761 ዓ.ም. ደግሞ በቅርጫት ላይ እንደ ኮረብታ የተከመረ እንጆሪ፥ ከአጠገቡም አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ ሁለት ነጭ አበቦች፥ አንድ ኮክና ሁለት ቼሪ ሣለ። በ1766 ዓ.ም. የሩሲያ ንግሥት ካትሪን 2ኛ በፒተርስበርግ ለነበረው አካዴሚ ሥዕል ባዘዙት ጊዜም፥ የላከላቸው ብሩሽን፥ ቀለም መያዣን፥ የጄሶ ሐውልትንና የሕንፃ ንድፍን፥ የእጅ ባለሙያ መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስቦ ነው።

ከ70 ዓመቱ በኋላ ዓይኖቹ ታመሙ። በዘይት ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ የተባለው ማዕድን ጎድቶታል ተብሎ ይታመናል። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ዘይቱን ትቶ ፓስቴል በሚባለው ደረቅ ቀለም ይሥል ጀመር። በ1771 ዓ.ም. መነጽሩ በአፍንጫው ላይ እንደ ተቀመጠ፥ ራሱንም በጨርቅ እንደ ጠመጠመ የገዛ መልኩን ሣለ፤ በ1775 ዓ.ም. ደግሞ ለዓይኑ ጥላ የሚሆን ቆብ አድርጎ እንደ ገና ሣለው፤ በዚያው ዓመት የሚስቱንም መልክ ሣለ። ሽማግሌው በነዚህ ሥዕሎች ራሱን ያየው የመዳቡን ጋን ባየበት ዓይን ነው፤ የቆዳውን መሸብሸብ አልደበቀም፥ ለራሱም አላደላም።

በዚህ ጊዜ ግን በአካዴሚው ዘንድ የነበረው ነፋስ ተለውጦ ነበር። በ1770 ዓ.ም. ፒዬር የተባለው የታሪክ ሠዓሊ የንጉሡ የመጀመሪያ ሠዓሊ ሆነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደንዢቪዬ የተባሉት ሹም የንጉሡ ሕንፃዎች ዲሬክተር ሆነው የታሪክን ሥዕል ከሁሉ በላይ ከፍ ለማድረግ ተነሡ። ሻርዴን በ1778 ዓ.ም. ስለ ረጅም አገልግሎቱ ገንዘብ እንዲጨመርለት ማመልከቻ ቢያቀርብም ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ለ19 ዓመታት የሌሎችን ሒሳብ በታማኝነት የጠበቀው ሰው የገዛ ሒሳቡ በማዕርግ ሚዛን ተመዝኖ ጐደለበት። ቢሆንም በ1779 ዓ.ም. ትርኢት ላይ ሥራውን አሳየ። የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ልጅ ልዕልት ቪክትዋር አንዱን ሥዕል ወድደው የወርቅ ሣጥን እንደ ሸለሙት ይነገራል። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 6 ቀን በሉቭር መኖሪያው በ80 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ ዘመኑ የጀግኖች ሥዕል ዘመን ሆነና ሻርዴን ተረሳ፤ የሥዕሎቹም ዋጋ ወደቀ። እንደ ገና የተነሣው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። ጸሐፊዎቹ የጎንኩር ወንድማማቾች ስለ እርሱ ጻፉ። ሉዊ ላ ካዝ የተባለው ሐኪም ደግሞ ሌሎች የናቋቸውን የቀድሞ ሥዕሎች በርካሽ ዋጋ እየገዛ ሲሰበስብ ኖሮ፥ በ1869 ዓ.ም. ሲሞት ከ500 የሚበልጡ ሥዕሎች ለሉቭር አወረሰ፤ ከነዚያም ውስጥ ከ10 የሚበልጡት የሻርዴን ነበሩ። ሴዛንና ማቲስን የመሳሰሉ የኋላ ዘመን ታላላቅ ሠዓልያን ከርሱ ተማሩ፤ ማቲስ የዓሣውን ሥዕል በሉቭር ተቀምጦ ገልብጦታል።

የገበያውም ፍርድ ዘግይቶ መጣ። ስፋቱ ከ50 ሳንቲሜትር የማይበልጠው የእንጆሪው ቅርጫት በ2022 ዓ.ም. በፓሪስ ለጨረታ ቀርቦ ከ24 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። የፈረንሳይ መንግሥት የአገር ቅርስ ነው ሲል ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ፤ ሉቭርም ከታላላቅ ኩባንያዎችና ከብዙ ሺህ ግለሰቦች ገንዘብ አሰባስቦ በ2024 ዓ.ም. የራሱ አደረገው። እንጆሪ በየገበያው በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ ፍሬ ነው፤ ለዚያውም ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም። ያ ቅርጫት ግን ከ260 ዓመታት በላይ ቈይቷል።

የሻርዴንን ታሪክ ስንመለከት፥ ማዕርግን የሚሰጡ ሰዎች በዘመናቸው ኀይል እንዳላቸው እናያለን፤ አበልን ይወስናሉ፥ ወንበርን ያድላሉ፥ የአባትንም ምኞት ያጣምማሉ። ጊዜ ግን ከነርሱ ሌላ የሆነ ሚዛን አለው። በዚያ ሚዛን ላይ የተቀመጠው ዕቃው ንጉሥ ወይም ድስት መሆኑ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የሠራው ሰው ነገሩን በእውነት አይቶት እንደ ሆነ ነው። በመዝገብ ላይ አንዲት ቍጥር የሚጽፍ ጸሐፊ፥ በሱቁ አንድ ሸቀጥ የሚመዝን ነጋዴ፥ ሥራው ትንሽ መስሎ በታየው ጊዜ በሉቭር ግድግዳ ላይ ዛሬም ያለውን ያን የመዳብ ጋን ቢያስበው መልካም ነው።